የዳማ ግማሽ ክኒን

ጀሊላ በሽታዋ ወደ ሰው እንዳይጋባ ያላደረገችው ጥንቃቄ አልነበረም። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ የሳንባ ነቀርሳ አለብሽ ሲሏት ከፋብሪካ ሥራዋ ቀረች፤ ብርጭቆዋን ለየች። ጎረቤቷ ሐሊማ ልትጠይቃት ወደ ሐይቁ ዳር ቤቷ ብቅ ስትል ‹‹እዚያው በሩ ላይ ሁኚ!›› እያለች ትቆጣት ነበር። ድመቷን ግን ማን አሰባት? ዳማ ከአንድ ሳህን አብራት ትበላለች፤ ደረቷ ላይ ወጥታ አፍንጫዋ ሥር ትተኛለች።

ዳማን ደግሞ ዝም ብላ ድመት እንዳትመስላችሁ። የጀሊላ ልጅ ኑርሑሴን ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ከባሕር ዳር ሲወሰድ፣ ከመኪናው ላይ ሆኖ የጮኸው ‹‹እማ፣ ዳማን አደራ!›› ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ እንኳ የለም። እቤቱ ውስጥ የእሱ ሆኖ የሚተነፍስ ነገር እሷ ብቻ ናት።

በየካቲት ዳማ መሳል ጀመረች። ጀሊላ የአምባዛ ዓሣ አጥንት የሰነቀራት መስሏት ጉሮሮዋን ብታይ ምንም የለም። ሳሉ ባሰ፤ ጎኗ ገባ። በዘንቢል ከታ፣ እያለከለከች ወደ እንስሳት ክሊኒክ ስትወስዳት መንገደኛው ሳቀባት።

‹‹ሰው መድኃኒት አጥቶ ያልቃል፣ እሷ ድመት ታሳክማለች!››

ይሳቅ! ምን ገዶት!

ሐኪሙ አምባቸው በሬና ላም እንጂ ድመት አክሞ አያውቅም። ጀሊላ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና የራሷን በሽታ ነገረችው።

‹‹ከእኔ ይዟት ይሆን?››

‹‹ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ግን ይሆናል›› አላት። ‹‹መመርመሪያ የለኝም እናቴ፤ ለድመት የሚሆን መድኃኒትም የለኝም። ከቤት ያርቋት፤ ለእርስዎም አትበጅም።››

አራቀቻት? ወይ ፍንክች! የራሷን ክኒን በቢላ ለሁለት እየከፈለች፣ ግማሹን ለራሷ፣ ግማሹን በወተት በጥብጣ ለዳማ አደረገችው። አንድ ወር እንዲህ ሆነ። ዳማም አልዳነች፤ እሷም ደም ትተፋ ጀመር።

በቀጠሮዋ ቀን ጤና ረዳቷ የብርጓል፣ ጀሊላን ሚዛን ላይ አወጣቻትና ክብደቷ መውረዱን አይታ ደነገጠች።

‹‹እትዬ ጀሊላ፣ ክኒኑን በትክክል ይውጣሉ?››

‹‹እንውጣለን።››

‹‹እናንተ? ከማን ጋር?››

ቃሉ አምልጧት ነበር። ጀሊላ እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች። የብርጓል መጀመሪያ ጮኸችባት፤ ኋላ የእሷም ዓይን እንባ ሞላ።

‹‹ግማሽ ክኒን ማንንም አያድንም። በዚሁ ከቀጠሉ ሁለታችሁም ታልቃላችሁ። ልጅዎ ሲመጣ በሩን ማን ይክፈትለት?››

ጀሊላ ሙሉውን ክኒን እዚያው ፊቷ ዋጠች። ሦስት ጊዜ ውኃ ጠጣችበት።

ቤት ስትገባ ዳማ እየተንገዳገደች መጥታ ሳህኑ አጠገብ ቆመች። ወተቱን ብቻ ቀዳችላት። ድመቷ ልሳ ስትጨርስ ቀና ብላ አየቻት።

‹‹ልጄንስ መንግሥት ወሰደብኝ›› አለቻት ጀሊላ። ‹‹አንቺን ግን በሽታውንም የሰጠሁሽ እኔ፣ መድኃኒቱንም የነሣሁሽ እኔው። ዛሬ የልጄን አደራ በላሁ።››