የተረተርኩት ዳንቴል

ይህን ማውራት ይገባ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ነገሩ ስለ አንድ የጠረጴዛ ልብስ ነው፤ የተጣላም የተካሰሰም ሰው የለም። የዶርም ጓደኞቼ ቢሰሙ «ለዚህ ነው እንዴ የምታፍሪው?» ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን አፍራለሁ።

ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ትምህርት አዳማ እንደመጣሁ አክስቴ እሑድ እሑድ ቤቷ እንድሄድ ነገረችኝ። ግቢዋ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ አምስት ስድስት ሴቶች ዳንቴል ይዘው ይቀመጣሉ። ሰዓት የለም፣ መዋጮ የለም። የፈለገች ታወራለች፣ ያልፈለገች እጇን እያየች ዝም ትላለች። የቀረችን «ምነው ቀረሽ?» የሚላት የለም። ሲሄዱ ሥራቸውን አክስቴ ሳሎን፣ አንድ ቅርጫት ውስጥ ይተዉታል። የሌላዋን ሥራ አንሥታ የምታይ አልነበረችም። ይህን ማንም ባይነግረኝም በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡትን እማማ እንላቸዋለን። ባለቤታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠርተው ካረፉ በኋላ አዳማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከሰው ጋር የሚቀመጡት እሑድ ብቻ እንደሆነ ራሳቸው ነግረውኛል። የሚሠሩት ለልጅ ልጃቸው ሠርግ የሚሆን የጠረጴዛ ልብስ ነበር።

«ፍሬሿ፣ ተንፍሺ እንጂ! ዳንቴሉን ፈተና አስመሰልሽው እኮ» አለችኝ አንድ ቀን ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋው ጎረቤት።

«ተያት፣ እጇ ንጹሕ ነው» አሉ እማማ። በዚያች ቃል ሳምንቱን ሙሉ ደስ ሲለኝ ሰነበተ።

አንድ እሑድ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ቅርጫቱን ሳስገባ የእማማን ሥራ አየሁት። ስድስት ቅጠል ሊኖራቸው ከሚገባ አበቦች አንዱ አራት፣ አንዱ ሰባት አለው። ጠርዙ ተጣሟል። ለአክስቴ ሳልነግር ወደ ዶርም ወሰድኩትና ሳምንቱን ሙሉ እየተረተርኩ እንደገና ሠርቼ ቅርጫቱ ውስጥ መለስኩት። ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲያመሰግኑኝም ብዬ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ እማማ ሥራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ዳሰሱት። ጣታቸው መሐል ላይ ቆመ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነው እማማ» አልኩ ፈጠን ብዬ። «ትንሽ አስተካከልኩልዎት።»

«የቱ ጋ ነበር የተበላሸው?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን መምህር እንደጠየቀኝ ሁሉ ዘረዘርኩት፦ ጠርዙ፣ የመሐሉ አበባ፣ ሁለተኛው ረድፍ እንዳለ። ጎረቤቲቱ በክርኗ ጎሸመችኝ። አልገባኝም። ስለ መጨረሻው አበባም ነገርኳቸው።

እማማ ወደ አክስቴ ዞሩ። «አንቺም ታዪው ነበር?»

አክስቴ ክሯን መጠቅለል ጀመረች።

«ሁላችሁም?»

ቀና ያለች አልነበረችም። የገባኝ ያኔ ነው። የእማማ ዓይን መድከሙን ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ሳይሳቀቁ እንዲመጡ ብለው ነበር ዝም ያሉት።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ አምሮበታል» አሉኝ እማማ። ዳንቴሉን አጥፈው እኔ ጭን ላይ አኖሩትና የቤቱን ግድግዳ እየዳበሱ ከግቢው ወጡ።

«በይ፣ ኤ አገኘሽ» አለችኝ ጎረቤቲቱ።

እማማ ሁለት እሑድ ሳይመጡ ቀሩ። በሦስተኛው ቤታቸው ሄድኩ። በድምፄ ለይተውኝ «አካም ጂርታ የኔ ልጅ» ብለው አስገቡኝ፤ ሻይም ራሳቸው ቀዱልኝ። ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ አየሁ። በዚህኛው ጊዜ ምንም አላልኩም።

«እማማ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ምን አጠፋሽ? ያየሽውን ነው የተናገርሽው።»

«እሑድ ይምጡ። ባይሠሩም ዝም ብለው ይቀመጡ።»

«ባዶ እጄን?» ብለው ፈገግ አሉ። «ሁሉም እንዳዘነልኝ እያወቅሁ? እንግዲህ አይሆንልኝም።»

የሚመጡበት ሌላ ቀን፣ የሚቀመጡበት ሌላ ቤት አልነበራቸውም። ከወር በኋላ ልጃቸው ከአቦምሳ መጥታ ዕቃቸውን ሸከፈች። እኔና አክስቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘናቸው። መኪናው ሲነሣ እጄን አወዛወዝኩ፤ እንደማያዩኝ ያስታወስኩት ዘግይቼ ነው። ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ከሰዓት ነበር።