የፎርዋርዱ አንገት

የሺዋስን ለማያውቀው ሰው ልንገር። ጉዱ ቁመቱ አይደለም፤ ስፋቱ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ፋልከንሪጅ በሚባለው ሰፈር የነሱ ታውንሃውስና የኔ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ እሱ ደረጃ ሲወጣ የኔ ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ሚስቱን ፈትለወርቅን «ይህን ሰውዬ ምን እያበላሽው ነው?» ብዬ ስቀልድባት፣ «እትዬ ደመቀች፣ እኔም ስመጣ እንደዚሁ ነው ያገኘሁት» ትለኛለች።

በሰማንያዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል አድርጎ ነው ካልጋሪ የገባው። ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ የበሬ ጭን ተሸክሞ መኪና ላይ ይጭን ነበር። አብሮት የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ ትከሻውን አየና ቅዳሜ ራግቢ ሜዳ ይዞት ሄደ። ራግቢ ማለት እንቁላል የመሰለች ኳስ ናት። ፎርዋርድ የሚባለው ሰው እሷን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ተሰልፈው ወደሚጠብቁት ጎረምሶች ይሮጣል። ሊያልፋቸው እንዳይመስላችሁ፤ ሊገጫቸው ነው። ይገጫል፣ ይጥሉታል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይገጫል። ሥራው ይኸው ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን «ይህ ሰው ምን በድሏቸው ነው?» ብዬ ጠይቄአለሁ።

ኋላ እንግሊዛዊው ላገሩ ሰዎች ደወለና ሰሜን እንግሊዝ ያለ አንድ ክለብ ፈትኖ ወሰደው። እዚያ ራግቢ ሊግ የሚሉት አለ፤ በደሞዝ ነው የሚጫወቱት። ከዚያ ወዲያ የሺዋስ የብርዱን ወራት እዚያ፣ ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት፣ እዚህ ሆነ። ሐበሻ ፕሮፌሽናል ሆነ ተብሎ የማኅበራችን ሰው ሁሉ ኮራ። ወንዶቹ ከቅዳሴ በኋላ ከበውት ክንዱን ይጨብጣሉ። ያልኮራችው ፈትለወርቅ ብቻ ናት። እሷ ፈርታ ነው የኖረችው።

ፍርሃቷ የጀመረ ቀን እኔም ነበርኩ። እዚሁ ካልጋሪ፣ ሰመር ላይ፣ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ሊጫወት ወጣ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲገጭ አንገቱ ወደ ጎን ታጠፈና ወደቀ። ሌሎቹ ተነሡ፤ እሱ አልተነሣም። ፈትለወርቅ ክንዴን ይዛ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ቆይቶ ቆይቶ ተነሣና እየሳቀ መጣ። መኪና ውስጥ ገብተን ግን ሸሚዙን መቆለፍ አቃተው።

«ጣቶቼን ጉንዳን ወረራቸው» አለ።

ፈትለወርቅ ቆለፈችለት። ከኋላ ወንበር ሆኜ አየሁ።

ሐኪሙም አልደበቀውም። አንገቱ ሌላ ከባድ ምት እንደማይችል፣ ከተመታ ከአንገቱ በታች ያለው ሁሉ ሽባ ሆኖ እንደሚቀር ፊት ለፊት ነገረው። የሺዋስ ሰምቶ ወጣ፤ ነሐሴ ላይ ተሳፈረ። ስትለምነው «ተመልሼ ሥጋ ልሸከም? እዚያ ኳሷን ስይዝ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። እዚህ ማን ይነሣልኛል?» አላት። እኔ ብሆን «እኔ እነሣልሃለሁ፣ በጥፊ» እለው ነበር። እሷ ግን ሻንጣውን አዘጋጀችለት።

ከዚያ ወዲያ እሁድ ጠዋት ለፈትለወርቅ የስልክ ቀን ሆነ። ጨዋታው እሁድ ነው፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እዚህ ገና ጠዋት ነው፤ እንዳለቀ ይደውላል። እስኪደውል ቅዳሴ አትሄድ፣ እህል አትቀምስ። ከግድግዳው ማዶ ስልኩ ሲጮህ እኔ ተመስገን ብዬ ሻዬን እቀዳለሁ። ምን አገባኝ? ፍርሃትም እንደ ጉንፋን ይጋባል መሰለኝ። «ጣትህስ?» ትለዋለች። «ደህና ነው» ይላታል። ሁልጊዜ ደህና ነው።

አንድ ሚያዝያ ላይ ስልኩ ቀረ። መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል አልኳት። በሚቀጥለውም እሁድ አልደወለም። ክለቡ ጋ ስትደውል «ደህና ነው፣ አሁን እዚህ የለም» አሏት። ይህ የባሰ አስፈራት። የኛ ሰው የሞተውንም ቢሆን ትንሽ አሞት ነው ብሎ አይደል የሚጀምረው? ሁለታችንም ላውንድሪ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የምንሠራው፤ አንሶላ እያጠፈች ድንገት ቆማ በሩን ታያለች። ማን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። እኔም አያለሁ።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ካልጋሪ በሚያዝያም አይምርምና በረዶ ጥሎ፣ ለሺፍት ስለባብስ አንድ መኪና መጥቶ ደጃቸው ላይ ፓርክ አደረገ። ጋሼ ሰረቐ ወረዱ። ጋሼ ሰረቐ አስመራ መምህር የነበሩ፣ መሀል ከተማ ቤልትላይን የሚኖሩ፣ የማኅበራችን ታላቅ ናቸው። ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። የማኅበሩ ጸሐፊ ጥላሁንም ጋቢ ለብሶ ተከተላቸው። በማለዳ፣ ጋቢ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ባሏ ባሕር ማዶ ወዳለ ሴት ቤት። መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው።

እየወደቅሁ እየተነሣሁ ስወጣ ፈትለወርቅ በሩን ከፍታለች።

«ደህና አደርሽ ልጄ» አሉ ጋሼ ሰረቐ። «እስኪ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

ቁጭ በይ ሲሏት ጊዜ አለቀ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። «የሺዬ፣ ብዬህ አልነበረም ወይ» እያለች ደረቷን እየደቃች በረዶው ላይ ወደቀች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ጥላሁን «ኧረ አልሞተም፣ አልሞተም» ይላል። ማን ይሰማዋል? መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ እንደሱ ነው የሚለው።

ያኔ የመኪናው የኋላ በር ተከፈተና የሺዋስ ወጣ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ማታ ገብቶ ጋሼ ሰረቐ ቤት አድሯል። ክለቡ ለሁለት ዓመት እንዲፈርም ጠይቆታል፤ እሱ ደግሞ ሚስቱ ፊት መቆም ፈርቶ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሺፍት ሳትገባ እንድረስባት ብለው በማለዳ መጡ፤ ጋቢውም ለክብር ነበር። ሦስት ሰው ደርቦ የሚገጭ ወንድ መኪና ውስጥ ተደብቆ፣ ሚስቱ ስታለቅስለት ሰማ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅበት ነበር። ያን ቀን ግን ልመታው ቃጣኝ።

ደግፈን አስገባናት። ፊቷን ታጥባ መጣችና ተቀመጠች። ጋሼ ሰረቐ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ፤ ግን የተላኩበትን መናገር ነበረባቸው።

«ልጄ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ትፍቀድልኝ ይላል። ጤናዬ ተመልሷል ብሎ ምሎልናል። እንግዲህ እኛም እንለምንሻለን።»

«ጋሼ፣ እርስዎን እምቢ አልልም» አለች። ድምጿ ሻክሯል። «እኔ እንደሆነ አሁን አልቅሼለታለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈራኛል? አንድ ነገር ብቻ። እናንተ ፊት ኮቱን ይቆልፍ። ከቆለፈ ሻንጣውን እኔ ራሴ አዘጋጅለታለሁ።»

ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። በዚያ ብርድ ኮቱ እንደተከፈተ ነበር የመጣው።

የሺዋስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አሁን ይሄ ምን ይባላል?» አለ። የላይኛውን ቁልፍ ያዘ። ጣቶቹ ቀዳዳው አጠገብ ያደርሱትና ይለቁታል። እንደገና ያዘ። ለቀቀው። አንዱን እጁን በሌላው ደግፎ ሞከረ። በግንባሩ ላብ ወረደ። ጋሼ ሰረቐ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ከገና ወዲህ።»

«እሁድ እሁድ ደህና ነው ስትለኝ?»

«ስልኩን ጓደኛዬ ነበር ጆሮዬ ላይ የሚይዝልኝ» አለ። «እሱ ሲሄድ መደወል አቃተኝ።» ከዚያ እንደ ልጅ ድምፁ ተሰበረ። «ፈራሁ ፈትለ። ካቆምኩ ምን እንደምሆን ፈራሁ።»

ጋሼ ሰረቐ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ ልመናችንን አንስተናል» አሉ።

ፈትለወርቅ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። ከላይ ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችለት። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ እጇ ቆም አለ። ቤቱ መግባቱ ያኔ ትዝ ያላት ይመስለኛል፤ መልሳ ሁሉንም ፈታችና ኮቱን ከላዩ አውልቃ ሰቀለችው።