ከውስጥ ሆና የምትፈትን ቁልፍ ሠሪ

የሰፈራችን ቁልፍ ሠሪ እትዬ መክፈቻ ትባላለች። ሱቋ ከእኔ ሰዓት መጠገኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አሥራ ስድስት ዓመት ስንጎራበት አንድም ቀን በሯን ዘግታ ስትሠራ አላየኋትም። ዝናብ ይግባ፣ አቧራ ይግባ፣ በሩ ወለል ብሎ ነው የሚውለው። እኔ ብርድ ስለማልወድ በየክረምቱ እነጫነጫለሁ፤ እሷም በየክረምቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።

ነገሩ የልጅነት ነው። በሰባት ዓመቷ እናቷ ሞተችና አክስቷ ወሰደቻት። አክስቷ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ፈሪ ነበረች። ጠዋት ሥራ ስትሄድ “እንዳትጠፊብኝ” ብላ ትቆልፍባታለች፣ ማታ ትከፍትላታለች። ትምህርት ቤት የለ፣ ጓደኛ የለ። ያላት አንድ የቁልፍ ቀዳዳ ነው። በዚያ በኩል የሰው ጉልበት ሲያልፍ እያየች ሁለት ዓመት ተቀመጠች። ከዚያ የተጣመመ ሽቦ አገኘችና ከቀዳዳው ጋር ነገር ፈለገች። ወር ሙሉ ታግላ አንድ ቀን ተከፈተላት። ወጣች፣ መንገዱን እስኪበቃት አየች፣ ተመልሳ ገብታ በራሷ ላይ ቆለፈች።

“አምልጦ የሚመለስ እስረኛ አንቺን ብቻ ነው የማውቀው” እላታለሁ።

“ራት ነበረኛ” ትለኛለች።

አክስቷ የደረሰችበት ዕለት አልመታቻትም። ቁጭ ብላ አለቀሰችና በሳምንቱ ትምህርት ቤት አስገባቻት።

አሁን ሴት ልጆችን ታስተምራለች፤ እስከ ዛሬ ዘጠኝ አስመርቃለች። ትምህርት ያቋረጠችውን፣ ከቤት የተባረረችውን፣ ሰው ቤት እየሠራች ያደገችውን ሰብስባ ሞረድ ታስጨብጣቸዋለች። ምላሳቸውንም አብራ ትሞርደዋለች መሰለኝ፣ ሦስት ወር ሳይሞላቸው “ጋሼ፣ የራስዎ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል” ይሉኝ ጀመር።

ፈተናዋ ግን የጤነኛ አይደለም። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ራሷ ትገባለች። ተፈታኟ ትቆልፍባትና ቁልፉን ለእኔ ትሰጣለች። ከዚያ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ያለ ቁልፍ ከፍታ ማውጣት ነው። ሰዓት ያዡ እኔ ነኝ። የተዘጋ በር ምን እንደሚያደርጋት ስለማውቅ “ምናለ በአንቺ ፋንታ አንድ ጆንያ ብታስገቢ?” አልኳት አንዴ።

“ጆንያ ለማውጣት ማን ይጨነቃል?” አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የዝምተኛዋ ተራ ሆነ። ዝምተኛዋ ያልናት በቀን ከአራት ቃል በላይ ስለማይወጣት ነው። ያሳደጋት አጎቷ ሲሆን የስድስት ልጆቹ ሞግዚት አድርጓት ነበር። እትዬ መክፈቻ ደጅ ጠንታ ለአንድ ዓመት አስለቀቀቻት። አጎትየው “ካለፈች ትቀጥል፣ ከወደቀች ዛሬውኑ ወደ ቤቷ” ብሎ ፈተናውን ሊያይ መጣ። በርጩማ ብንሰጠው እንኳ አልቀመጥም አለ።

በሩ ተቆለፈ። ልጅቷ ተንበርክካ ሥራ ጀመረች። ሃያ ደቂቃ ሊሞላ ሲል አጎቷን ቀና ብላ አየችውና እጇ ተጣደፈ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እሷ ግን የሚለቀም እንኳ አልተረፋትም። የሽቦው ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ከእንግዲህ እጄ ላይ ያለው ቁልፍም አይገባም።

“እትዬ፣ ሰበርኩት” አለች።

“ይሁን። ስንት ደቂቃ ቀረ?” አለች ከውስጥ። ድምጿ ቀጥኗል።

“አሥራ ሁለት” አልኩ። አሥር ነበር።

“አናጢ ጥሩና ሴትየዋ ትውጣ” አለ አጎትየው። “አንቺም ዕቃሽን ሰብስቢ።”

“አልጨረሰችም” አለች እትዬ መክፈቻ። ከዚያ ዝም አለች። ያቺ ሴት ዝም ስትል በአሥራ ስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነውና ፈራሁ። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ከበሩ ወዲህ ይሰማል።

ልጅቷም ሰማችው። ብድግ ብላ ቁልፉን ተወችና መዶሻና መፍቻ አነሳች። የበሩን ማጠፊያዎች ዘንግ ከሥር ወደ ላይ እየመታች ታስወጣ ጀመር። እየመታችም ታወራለች።

“እትዬ፣ የላይኛው ወጣ። መሃለኛው ዝጓል፣ ግን ይወጣል። እትዬ፣ እዚሁ ነኝ። ይኸው ወጣ። አንድ ብቻ ቀረ።”

ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ቃል ነው መሰለኝ ያወጣችው። በመጨረሻ በሩን ከነቁልፉ ነቅላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። እትዬ መክፈቻ ሸሚዟ በላብ ገላዋ ላይ ተጣብቆ ወጣች።

“ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ” አልኩ። በሙያዬ ስዋሽ ያ የመጀመሪያዬ ነው ብል ሌላ ውሸት ይሆናል።

“ይሄ አይቆጠርም” አለ አጎትየው። “ክፈቺ እንጂ ንቀይ አልተባለችም።”

እትዬ መክፈቻ ትንፋሿን ሰበሰበች። “ወንድሜ፣ ልጅ ሆኜ ሁለት ዓመት ተቆልፎብኝ ተቀምጫለሁ። ሽቦ እስካገኝ ድረስ በሩ በምን ይከፈታል ብዬ አላሰብኩም። ሰው ይመጣልኝ ይሆን ወይ ነበር የማስበው። ይቺ መጣችልኝ።”

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

ልጅቷ ማናችንንም አላየችም። ዘንጎቹን ከወለሉ ለቃቅማ በሩን ልትመልስ አነሳችው፤ ከበዳት። አጎትየው ኮቱን አወለቀና ጎንበስ ብሎ በሩን ከሥር ደገፈላት።

“ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ጋሼ” አለችው።

ከፍ አደረገው።