ዝንጀሮዎቹ እንዳይመጡ የታዘዝኩበት ቀን

ሳዑዲ ውስጥ፣ አር-ሪስ ተራራ ሥር በቆየሁባቸው አሥራ አራት ወራት ሥራዬ የዱር እንስሳት በሰዓታቸው እንዲገኙ ማድረግ ነበር። ሙዲር እያልኩ የምጠራው አሠሪዬ ዓርብና ቅዳሜ ከጂዛን ከተማ ጎብኚዎችን በላንድክሩዘር ያመጣና ሸለቆውን ሲያሳያቸው ይውላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሽኮኮ፣ አራት ሰዓት ላይ ግመል የሚመስለው ቋጥኝ፣ አምስት ሰዓት ላይ ዝንጀሮ። ቋጥኙ ግመል የሚመስለው ከሰሜን ሲያዩት ነው፤ ከደቡብ ጭልፋ ነው። ይህን አንድ ቀን ብነግረው «እንግዲያው በደቡብ በኩል ማንም እንዳያልፍ» አለኝ። ድንጋይ ደርድሬ መንገዱን ዘጋሁት።

ሽኮኮዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ በራሳቸው ይወጣሉ። ዝንጀሮዎቹ ግን የኔ ልፋት ናቸው። ከቋጥኝ ጀርባ ተደብቄ የደረቀ ዳቦ እበትናለሁ፤ መኪናው ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ሲነፋ ግር ብለው ይወርዳሉ። ሙዲር እንግዶቹን «ዝም በሉ፣ እነዚህ ሰው አይተው አያውቁም» ይላቸዋል። ሰው አይተው የማያውቁት ዝንጀሮዎች የመኪናው የኋላ በር እንዴት እንደሚከፈት ያውቃሉ።

እኔ መታየት የለብኝም። በየመን በኩል በእግሬ የገባሁ ነኝ፤ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም። የማድረው ሙዲር ከፍየል በረቱ አጠገብ በሰጠኝ ክፍል ነው። ክፍሏ መንገዱ ላይ ካለው የፖሊስ ፍተሻ ጣቢያ ወዲያ፣ ከተራራው በኩል ስለሆነች ወረቀት የሚጠይቀኝ አልነበረም። ያቺን ክፍል ካጣሁ ቆላው ላይ ወዳለችው ደርብ ወደምትባል ከተማ እርሻዎች መውረዴ ነው፤ እዚያ ደግሞ አፈሳ አይጠፋም።

አንድ ረቡዕ ሙዲር ፊቱ ተለዋውጦ መጣ። የአስጎብኚነት ፈቃድ ጠይቆ ኖሯል፤ በማግስቱ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው። እንስሳ መመገብ ክልክል ስለሆነ ሰው የለመደ ዝንጀሮ ከታየ ፈቃዱ ይቀራል።

«ነገ እንዳይመጡ» አለኝ።

«የትኞቹ?»

«ሁሉም! አንድም እንዳላይ።»

«ሽኮኮዎቹስ?»

«ሽኮኮ ይውጣ። ሽኮኮ ጨዋ ነው።»

ዝንጀሮ መጥራትን ማንም ሳያሳየኝ ተምሬዋለሁ፤ ማስቀረትን ግን አላውቅበትም። እኔ ካለሁበት ስለማይርቁ፣ ያለኝ መላ እኔው መራቅ ነበር። ሐሙስ ማለዳ አንድ ጆንያ ዳቦ ተሸክሜ ተራራውን ወጣሁ። ተከተሉኝ። ቀላ ያለው ገደል አናት ላይ ተቀምጬ፣ ቶሎ እንዳያልቅብኝ ቁራሽ በቁራሽ አበላቸው ጀመር። ከታች ላንድክሩዘሩ ሲደርስ አየሁ። ሽኮኮዎቹ ወጡ። ቋጥኙን ከሰሜን አዩት። ሁሉም በሰዓቱ።

ከዚያ የሆነውን በኋላ ሙዲር ነገረኝ። ተቆጣጣሪው ዙሪያውን ቃኝቶ «ማመልከቻህ የዱር እንስሳት ይላል። እንስሳ የምትለው ይቺን ሽኮኮ ነው?» አለው።

«ዝንጀሮ ሞልቷል።»

«የታለ?»

ሙዲር ክብሩ ሲነካ አይችልም። እጁን በመስኮት አስገብቶ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ።

ዳቦዬን ጥለው ቁልቁል ተንደረደሩ። እኔም ተከትዬ ሮጥኩ፤ ትልቁ ወንድ ዝንጀሮ የመኪናውን በር ሳይከፍተው ልድረስበት ብዬ፣ መታየት እንደሌለብኝ ረስቼው ነበር። ስደርስ መኪናውን ከበው ተቀምጠዋል። ትልቁ ወንድ የበሩን እጀታ ይዞ፣ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል።

«ይሄ ማነው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ወላሂ፣ አይቼው አላውቅም» አለ ሙዲር።

ልጇን ያዘለች አንዲት ዝንጀሮ መጥታ እጇን ኪሴ ውስጥ ከተተች።

ተቆጣጣሪው እሷንም እኔንም አየን፤ ከዚያ ብዕሩን አውጥቶ ወደ ሙዲር ዞረ። «ስንት ናቸው?»

«ወደ ሁለት መቶ ይሆናሉ።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝምታ ደግሞ አይከብደኝም። ግን ሁለት መቶ!

«ስልሳ ሦስት» አልኩ። «እስከ ማክሰኞ ስልሳ አንድ ነበሩ፤ ሁለት ተወልደዋል።»

ተቆጣጣሪው የተወለዱትን ሳይቀር መዘገበ። ስሜን አልጠየቀኝም።

ወር ሳይሞላ ፈቃዱ መጣ። ዝንጀሮዎቹ ሰው ስለለመዱ ግን አንድ ግዴታ ነበረበት፤ ዝንጀሮዎቹን በቁጥር የሚያውቅና ከጎብኚ የሚያርቅ ጠባቂ በቋሚነት ይቀጠር፤ ጠባቂውም ኢቃማ ይኑረው ይላል። ሙዲር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ከልቡ አዝኖ ነበር።

«ይሄ ያንተ ሥራ ነው» አለኝ። «ስለዚህ ኸላስ፣ አበቃ፣ እዚህ መሥራት አትችልም።»

በዚያው ሳምንት ጭነት መኪና ላይ በመኖ ጆንያዎች መሀል ተኝቼ ፍተሻውን አለፍኩና ደርብ፣ ቲማቲም እርሻ ገባሁ። በኔ ቦታ ኢቃማ ያላቸው፣ ሳምጣ ከተማ ሾፌር የነበሩ የወሎ ሰው ተቀጠሩ። በመጀመሪያው የሥራ ቀናቸው ቁጥሬን ከሙዲር ወስደው ደወሉልኝ።

«አንተዬ፣ ከበውኛል!»

«ስንት ናቸው፣ ጋሼ?»

«እኔ በምን አውቄ! እነሱ ግን እኔን ቆጥረው ጨርሰዋል።»

«ቁጭ ይበሉ። እርስዎ ሲቀመጡ እነሱም ይቀመጣሉ።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «ተቀመጥኩ። እውነትም ተቀመጡ። አሁንስ?»

«አሁን ይቁጠሩ። ልጅ ካዘሉት ይጀምሩ፤ እነሱ ብዙ አይንቀሳቀሱም።»

አንድ፣ ሁለት እያሉ ጀመሩ። የእርሻው አለቃ ከወዲያ «ያላ! ያላ!» እያለ ያጣድፈኛል። አርባ አንድ ላይ ሲደርሱ ካርዳቸው አልቆ ስልኩ ተቋረጠ። የቀሩት ሃያ ሁለቱ በዚያ ሰዓት በየትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚሆኑ ስለማውቅ፣ ቲማቲሙን እየለቀምኩ እኔው ቆጥሬ ጨረስኳቸው።