የሊብሬው የመጀመሪያ ስም

ሽማግሌው ዘበኛ በናዝሬት ሙቀት የካኪ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ለሽያጭ ከቆመችው ፊያት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጫማው የጎማ ነው፤ ጥፍሮቹ ግን እንደ ባንክ ጸሐፊ ንጹሕ ናቸው።

መኪናዋን ሊገዛ ከቡልቡላ የመጣው የጨርቅ ነጋዴው ጉደታ፣ «አንተ፣ ና የሞተሩን ክዳን ያዝልኝ!» አለው።

ሽማግሌው ተነሥቶ ያዘለት። ጉደታ የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ሲያመሳክር ቆይቶ ክዳኑን ሲዘጋው፣ ዘበኛው ቀስ ብሎ፣ «ሦስተኛ ማርሽ ላይ አያስቸኩሏት፤ ትቀየማለች» አለ።

«አንተ ደግሞ የመኪና ምን ታውቃለህ?» ብሎ ሳቀበት።

ከዚያም አጠገቡ የቆመው ደላላ እንዲሰማ በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የባለንብረቶቹን ስም ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየገለጠ ጮክ ብሎ አነበበ። አራት ሰው ተፈራርቆባታል። የመጀመሪያውን፣ መኪናዋን አዲስ ሳለች ከአሰብ ወደብ ያስመጣትን ሰው ስም ከነአባቱ ሲጠራ፣

«አቤት!» አለ ዘበኛው።

ከበርጩማው ብድግ ብሎ፣ እጆቹን ግራና ቀኝ ከጎኑ ጋር አጣብቆ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል። ለዓመታት በእስረኞች መሃል ስሙ ሲጠራ የኖረ ሰው አቋቋም ነው።

ጉደታ «ይቀመጡ፣ አባባ» ሊል ፈልጎ ድምፁ ከዳው። ሽማግሌውም ስላልተፈቀደላቸው አልተቀመጡም።