ወደ ሰው የዞረው ስክሪን

እህቴ ልትዳር ሦስት ሳምንት ሲቀራት አባቴ አንድ ነገር ጠየቁኝ። የጠየቁኝ በጽሑፍ ነው። ትንሿን ኮምፒዩተር ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በአንድ ጣታቸው ቀስ እያሉ ነካኩና ወደ እኔ አዞሯት። «የዚህችን ፊት ወደ ሰው አዙሪልኝ» ይላል።

«ይኸው አዞሩልኝ አይደል አባዬ? ምኑን ነው የማዞረው?» አልኳቸው።

መልሰው ወደ ራሳቸው አዞሩ፣ ነካኩ፣ እንደገና ወደ እኔ አዞሩ። በመሃል እጃቸው ተንቀጥቅጦ የሆነ ቁልፍ ነክቶ ኖሮ ጽሑፉ የለም። ያሳዩኝ ባዶ ስክሪን ነው። እሳቸው ግን ያነበብኩ መስሏቸው ዓይን ዓይኔን እያዩ መልስ ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ምን እንደፈለጉ ገባኝ፤ እሳቸው እየጻፉ ሰው ከማዶ ሆኖ እንዲያነብ ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዲማ ተምረው ደብረ ማርቆስ ያረጁ። በድምፃቸው ነበር የሚታወቁት። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄደው ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑና ድምፁ እዚያው ቀረ። አሁን የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ ባለች ቀዳዳ ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ በስክሪብቶ የጻፉትን ራሳቸውም አያነቡትም። የንክኪ ስልክ ሞክረን ነበር፤ ስልኩ የደረቀ ጣታቸውን ጣት ብሎ አልቆጠረውም።

እኔ ሞባይል እጠግናለሁ። መነኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ኮምፒዩተሯን የሰጠኝ ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰው ነው፤ «ይቺን ማን ይፈልጋታል፣ ውሰጃት» ብሎ። እንደ መጽሐፍ የምትከፈት፣ ከኪስ ዳዊት ብዙም የማትበልጥ፣ እውነተኛ ቁልፍ ያላት አሮጌ ዕቃ ናት። በቁልፎቿ ላይ የኛን ፊደል በወረቀት ቆርጬ ለጠፍኩ። አናባቢዎቹ ላይ ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልኩ ጻፍኩባቸው፤ አባቴ እንደዚያ ነው የሚያውቁት። በሦስት ቀን ለመዷት። ለእህቴ በደስታ እየተጣደፉ ይጽፉላታል። ለእኔ የሚጽፉልኝ «ውኃ»፣ «በሩን ዝጊ»፣ «ቀዳዳውን ጥረጊልኝ» ነው።

ቅር አላለኝም። ድምፅ በነበራቸው ጊዜም ከዚህ የተለየ አልነበረም። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ደጀን የጠፋሁ ነኝ። መጀመሪያ ደንቡን ጠብቆ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ አባቴ ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለሷቸው። እኔም ሳልመረቅ፣ በአንድ ፌስታል ልብስ ወጣሁ። ሰውዬው መንገዱን ቀጠለ፣ እኔ ደጀን ላይ ሞባይል መጠገን ተማርኩ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ተመለስኩ። አባቴ በሩን ከፈቱልኝ። «ግቢ» አሉ። ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ቆይቶ ደግሞ መተንፈሻውም ጠፋ። እናቴ በሌለሁበት ነው የሞተችው። እኔ ከዚያ ወዲህ ደንዝዣለሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ሰው ሲስቅ አያለሁ፣ ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ እኔ ጋ አይደርስም።

የአባቴ ጭንቀት ምርቃቱ ነበር። እህቴ «አባቴ ካልመረቁኝ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም» ብላለች። ጎረቤት ያሉ አንድ ቄስ በእሳቸው ፋንታ ይመርቁ ተባለ፤ አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። አስቀድመው ይጻፉትና ሰው ያንብበው አልኩ። «እሱ ደብዳቤ ነው» ብለው ጻፉልኝ። እውነታቸውን ነው። ምርቃት አንዷን ቃል ብለህ፣ አሜኑን ሰምተህ፣ ከዚያ ነው ሌላዋን የምትለው። ከጀርባዎ ቆሜ በትከሻዎ ላይ ላንብባ አልኳቸው። ለዚህም «ምርቃት ፊት ለፊት ነው፤ ከኋላዬ ማንም አይቆምም» ብለው ጻፉ። ኧረ እኚህ ሽማግሌ! ድምፃቸው ሄደ እንጂ ግትርነታቸው ነቅነቅ አላለም።

ዕቃዎቼን ከሱቅ ወደ ቤት አመጣሁና ከአባቴ አልጋ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። በመጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። ማጠፊያዋ ላይ ክዳኗ ከልክ በላይ እንዳትከፈት የምታግድ ትንሽ ጥርስ አለች፤ እሷን በሞረድ አጠፋኋት። ክዳኗ ወደ ኋላ ተዘረጋች። ደስ ብሎኝ ማዶ ተቀመጥኩና «በሉ ይጻፉ» አልኳቸው። ጻፉ። ፊደሉ ሁሉ ተገልብጦ በአናቱ ቆሞ ተመለከተኝ። የዚያች አሮጌ ዕቃ ጽሑፍ እንደ ስልክ ሲያዞሩት አብሮ የሚዞር አይደለም።

አባቴ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ደንግጬ ተነሣሁ፤ ለካስ እየሳቁ ነው። ሳቃቸው ድምፅ ስለሌለው ሳል ይመስላል። ከዚያ ጻፉ፤ አንገቴን ጠምዝዤ አነበብኩት። «እኛ ለአራት በአንድ ዳዊት ነው የተማርነው። የእኔ ቦታ ከራስጌው ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ገልብጬ አነበብኩ። አንቺ ግን አትችይም።»

«አልችልም» አልኩ። ስለ ልጅነታቸው ሲነግሩኝ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ካቻቢቴዬን አነሣሁ።

ሁለቱንም ማጠፊያ ፈታሁ። ክዳኗን ጀርባዋን ወደ ፊት አዞርኩና የግራውን ማጠፊያ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ወሰድኩ። የብሎን ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም፤ በጋለ መርፌ አዲስ በሳሁ። አስቸጋሪው ፍሌክሱ ነው፤ ከሆዷ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ሪባን። አንድ ጊዜ መጠምዘዝ ነበረበት፣ ርዝመቱ ደግሞ አይበቃም። ትንሽ ካጠፍከው ይሰበራል፣ ከተሰበረ መለዋወጫ የለውም። ከፕላስቲኩ ላይ በምላጭ እየፋቅኩ አቋራጭ መንገድ አበጀሁለት። አባቴ አልጋቸው ላይ ተደግፈው እጆቼን ያዩ ነበር። ሱቄ ገብተው አያውቁም፤ ስሠራ ሲያዩኝ ያ የመጀመሪያቸው መሆኑ ትዝ ያለኝ በአራተኛው ቀን ነው።

በአምስተኛው ቀን በራች። አባቴ ከኋላዋ፣ እኔ ከፊቷ። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ይመለከታል።

«እንግዲህ አባዬ፣ ከዛሬ ወዲያ የሚጽፉትን እርስዎ አያዩትም» አልኳቸው።

«ስናገርስ አፌን አይ ነበር?» ብለው ጻፉ። አንድ ፊደል አልሳቱም። ድጓን ያህል ነገር በቃላቸው የያዙ ሰው ሠላሳ ቁልፍ አያቅታቸውም።

የሰርጉ ዕለት ዳሱ ጢም ብሎ ነበር። ሙሽሮቹ የአባቴን ጉልበት ስመው ቆሙ። ኮምፒዩተሯ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ናት። አንባቢዋ እኔ ነኝ፤ ከሙሽሮቹ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሥርዓቱን ተነጋግረን ጨርሰናል፤ አባቴ አንድ ቃል ጽፈው ሲያበቁ ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ሰው አሜን ሲል ጣታቸውን ያወርዳሉ። ስክሪኑን ስለማያዩት፣ ጆሯቸውም ደከም ብሎ በዳሱ ጫጫታ የአንድ ሰው ድምፅ ስለማይለይላቸው፣ የሚያውቁት በአሜኑ ብቻ ነው።

«ውለጂ፣ ክበጂ» አነበብኩ። አሜን።

«ቤታችሁ እንግዳ አይጣ።» አሜን።

«የወጣሽበት ደጅ አይዘጋብሽ።» አሜን። እህቴ ታለቅሳለች፣ ሚዜዋ መሐረብ ታቀብላታለች። እኔ ደህና ነኝ። ድምፄ ሬዲዮ ላይ ዜና እንደሚያነብ ሰው ነው።

ከዚያ አባቴ ረዘም አድርገው ጻፉ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ከሌላው ሰው በፊት እኔ አያቸዋለሁ። «ሳልመርቃት ከዚህ ቤት የወጣች ልጅ አለችኝ። ሽማግሌ የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። እሷንም ከዛሬ ጀምሮ ይባርክልኝ።»

ጣታቸው ተነሣ።

አላነበብኩትም። አልተናደድኩም፣ አላዘንኩም፣ እንዲያው የሌላ ሰው ስልክ ላይ የመጣ መልእክት ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ከዳሱ ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሳለ። አባቴ ጣታቸውን እንዳነሡ ይጠብቃሉ። አሜኑ ሲዘገይባቸው ዕቃዋ የተበላሸች መሰላቸው። እጃቸውን ሰደው ማጠፊያዋን ዳሰሷት፣ ክዳኗ አለመውደቋን አረጋገጡ፣ ከዚያ ያንኑ ቃል ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ጻፉ። አንድ ፊደል አልቀየሩም። ጣታቸው ተነሣ።

«አሜን» አልኩ፣ እኔው ብቻዬን።

ሰዉም ምኑ እንደሆነ ሳያውቅ «አሜን!» አለ። ያመለጠው ነገር ያለ መስሎት ይሆናል፤ ከሌላው ጊዜ እንዲያውም ጮክ ብሎ ነው ያለው። አባቴ ጣታቸውን አወረዱ። ፊታቸው እንዴት እንደነበር አሁንም ትዝ ይለኛል፤ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነበር።

ሰርገኛው ከሄደ በኋላ ሰው ወንበር ሲሰበስብ አባቴ በጣታቸው ጠሩኝ። «ሰሙ?» ብለው ጻፉ።

«ሰምተዋል አባዬ» አልኳቸው።

«ምን አሉ?»

«አሜን አሉ።»

«ቀለለኝ» ብለው ጻፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ኮምፒዩተሯን አጥፍቼ በጨርቅ ጠቀለልኳት። ከዞረች ወዲህ ስትዘጋም ስክሪኗ ውጭ ነው የሚቀረው፣ ያለ ጨርቅ ይጫራል። ሰርቄ እንደገባሁ ታወቀኝ። አባቴ በሰው ፊት የሰጡኝን ነገር በሰው ፊት አልተቀበልኩም፤ ያለ ምስክር ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። ያንንም ያሰብኩት እንደ ሌላ ሰው ሥራ ነው። ሄጄ ሳህን አጠብኩ።

በሚቀጥለው እሑድ መልስ ነበር። እህቴና ባሏ ከነሚዜዎቻቸው መጡ፣ ያው ጎረቤት ተሰበሰበ። እህቴ በሄደች በሳምንቷ አባቷ የናፈቋት ሰው ናት፤ ሄዳ ከስክሪኑ ፊት ቁጭ አለች። የሚጻፈውን ሁሉ ጮክ ብላ ማንበብ ትወዳለች፤ በሰርጉ ዕለት ከእኔ የተማረችው ነው።

«ደህና ነሽ ወይ» አነበበች። «ደህና ነኝ አባዬ።»

«ባልሽ ይጾማል ወይ» አነበበች። ሰው ሳቀ።

ቀጥሎ የመጣውንም በዚያው ድምፅ አነበበችው። «ለእህትሽ የመረቅሁላትን ሰው ሁሉ ሰምቷል። አንቺም ከእንግዲህ በዚያ ነገር ማንም እንዲያነሣባት አትፍቀጂ።»

እህቴ ስክሪኑን አየች፣ ሰዉን አየች። «የቱን አባዬ? መቼ መረቁላት?» አለች።

አባቴ ከክዳኗ በላይ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ የማየው የግራውን ማጠፊያ ነበር፤ አንዷ ብሎን ላልታለች፣ ማጥበቅ ያስፈልጋታል እያልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተመልሰው ጎንበስ አሉና መጻፍ ጀመሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ነው፤ ከቁልፎቹ ድምፅ ብቻ ምን እንደሚጽፉ ማወቅ እችል ነበር።

እህቴ ማንበብ ጀመረች። «ሳልመርቃት ከዚህ ቤት የወጣች...» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አንብቢው» አልኳት። አነበበችው። «ሽማግሌ የመለስኩት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ጨረሰችው ግን። ሽማግሌ ሆነው መጥተው ከደጅ ከተመለሱት አንዱ እዚያው ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል። አስቀድመው አሜን ያሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ።

ተነሣሁ። የተመረቀ ሰው ተነሥቶ ጉልበት ይስማል፣ ይኼ ለማንም አይነገርም። ጠረጴዛዋን ዞሬ መሄድ ሲገባኝ ከፊት ለፊት ተንበረከክሁና በጠረጴዛዋ ሥር ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና ስል ስክሪኑ ፊቴ ላይ ነው። አባቴ በአንድ እጃቸው ራሴን ይዘው በሌላው እየጻፉ ነበር።

«አሁንስ ሰሙ?» ይላል።

«ሰሙ» አልኩ፤ ድምፄ እንደ እሳቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።