ከጀበል አውሊያ ሐይቅ የሚመጣው ሦስተኛው ጠርሙስ

ማክሰኞ ጠዋት ከሰፈሬ ከሐጅ ዩሱፍ የወጣሁት ተናድጄ ነው። ካርቱም በአንድ የውሃ ቤተ ሙከራ እሠራለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የጀበል አውሊያን የግድብ ሐይቅ ጥራት ከሦስት ቦታ ስለካ ቆይቻለሁ። ሁለቱን ራሴ እቀዳለሁ። ሦስተኛው ሩቅ ስለሆነ ዘህራ የምትባል ወዳጄ ከመንደሯ ዳር በየወሩ አንድ ጠርሙስ በአውቶቡስ ሹፌር ትልክልኛለች። በመዝገቤ መሠረት የዚያ ዳር ውሃ ከዓመት ዓመት እየጠራ ሄዷል። ስለዚህ አለቃዬ መንደሯን የውሃ ማጣሪያ ከሚተከልላቸው መንደሮች ዝርዝር ውስጥ ሰርዞታል። ዘህራ ግን የልጆቹ ተቅማጥ አልቆመም ብላ ላከችብኝ። መዝገቤን የሚጠራጠር ሰው አልወድም። ቢሆንም ዝርዝሩ ሐሙስ ከመፈረሙ በፊት ሄጄ በዓይኔ ልየው አልኩ።

እስከ ዋናው መንገድ በሪክሻ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሬ ካርቱም፣ ከካርቱም በሌላ አውቶቡስ ወደ ደቡብ። መቶ ዲናር ከፍዬ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። መስኮቱ አይዘጋም፤ ጀበል አውሊያ ስደርስ ፀጉሬ አሸዋ ሆኗል።

አራት ሰዓት፣ ግድቡ አጠገብ

የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ በላሁ። የዘህራ ባል ኢድሪስ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ በጀልባው ሊወስደኝ መጥቶ ነበር። የውሃ መለኪያችን በገመድ የታሰረ ነጭ ሳህን ነው፤ ቁልቁል ይወርድና ከዓይን ሲጠፋ ገመዱ ይለካል፤ በረዘመ ቁጥር ውሃው የጠራ ነው። ግድቡ ጋ አንድ ክንድ ወርዶ ጠፋ። መሐል ሐይቁ ላይም እንደዚያው። ሁለቱም ከመዝገቤ ጋር ስለተስማሙ ልቤ ሞላ። መንደሩ ዳር ስንደርስ ግን አንድ ስንዝር እንኳ ሳይወርድ ተሰወረ። ስቤ እንደገና ጣልኩት። ያው ነው።

«ነፋስ በጥብጦት ነው?» ብዬ ኢድሪስን በዐረብኛ ጠየቅኩት።

«ወላሂ ሁልጊዜም እንዲህ ነው» አለኝ።

ስድስት ሰዓት፣ ዘህራ ቤት

ዘህራ የወሎ ልጅ ናት፤ የተዋወቅነው ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር፣ ሰው ቤት ስትሠራ ነው። ሰላምታው ሲያልቅ ጠርሙሱን እንዴት እንደምትሞላው እንድታሳየኝ ለመንኳት። ወደ ሐይቁ አልሄደችም። ጥላ ሥር ከቆመው ዚር፣ ውሃ ከሚጠልልበት ትልቅ የሸክላ ገንቦ፣ በጣሳ ቀስ ብላ ቀዳች። ውሃው ኩልል ያለ ነው።

«ሁልጊዜ ከዚህ ነው?»

«ታዲያስ! ካርቱም ድረስ ለሙዲር፣ ለአለቃሽ፣ የሚሄድ ውሃ ጭቃ ይላካል እንዴ? ዱሮ አንድ ሌሊት ነበር የማሳድረው፤ ዘንድሮማ ሁለት ሌሊት አጥልዬ ከላይ ከላዩን ነው። እንዳታፍሪብኝ ብዬ።»

«እናንተስ ከዚህ ነው የምትጠጡት?»

«ዚሩ ለእንግዳ ነው፣ እህቴ። ልጆቹ ከዳር ነው የሚጠጡት።»

ነገሩን ሳስረዳት ጣሳውን አስቀመጠች። ትንሿ ልጇ ራህማ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች፤ ሁለት ሳምንት ሆዷ አልረጋላትም።

«ማጣሪያውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ በይኛ» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት። ውሃ ሙዪልኝ አልኩ እንጂ ከየት እንደምትሞላ ነግሬያት አላውቅም። አንድም ቀን እዚህ ዳር አልወረድኩም። በጣም አፈርኩ።

ቀሚሳችንን ሰብስበን ሐይቁ ውስጥ ገባን። ዘህራ ጠርሙሱን ራሷ ደፈቀችው፤ ክዳኑን ስትገጥም ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነበር።

ረቡዕ፣ ካርቱም

የዚያን ዳር የሦስት ዓመት ዓምድ አለቃዬ ፊት ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ።

«ይህን እኮ ለበላይ ልኬዋለሁ» አለ። «ለምን ቀድመሽ አልሄድሽም?»

«ሩቅ ነው ብዬ።» መልሴ ለራሴም ቀፈፈኝ።

የመንደሩን ስም ዝርዝሩ ላይ መልሶ ጻፈው። ለበላይ የሚሄደውን የእርማት ደብዳቤ ግን እኔው እንድጽፍ አዘዘኝ። ማታ ሐጅ ዩሱፍ ቤቴ ገብቼ መዝገቡ ላይ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፤ ማን፣ ከየት ቀዳው የሚል። ከጉዞው የተማርኩት ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ወር፣ ማጣሪያው ገና ሳይተከል፣ የዘህራ ጠርሙስ ደረሰኝ። የደፈረሰ ነው፤ የቄጠማ ስባሪ ይንሳፈፍበታል። ሹፌሩ መልእክቷን ነገረኝ፤ «የመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች ሲያዩት ከማን ቤት እንደመጣ አትንገሪያቸው ብላሻለች።»